አንድ ሞተር ሲቆም ለምን ወዲያው አይመለሱም?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ባለፈው ዓመት ከአንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ በባለሁለት ሞተር ጄት ሲነሱ፣ ጎማው መሬት በለቀቀ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ የጥይት ተኩስ የሚመስል ተደጋጋሚ ድምፅ ሰምተዋል፤ ከተቀመጡበት መስኮት በግራው ሞተር ጀርባ ነበልባል ብልጭ ብሎ ሲጠፋ አይተዋል፤ አውሮፕላኑም ወደ አንድ ጎን ከተሳበ በኋላ ተስተካክሎ ወደ ላይ መውጣቱን ቀጥሏል። ዋና አብራሪው አሥር ደቂቃ ያህል ድምፃቸውን ሳያሰሙ ቆይተው «በቴክኒክ ምክንያት እንመለሳለን» ከማለት በቀር ያብራሩት ነገር አልነበረም፤ ያረፉትም ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ነው። አሁን እናታቸውን ከአዲስ አበባ ሊያስመጡ ስለሆነ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። አንድ ሞተር ከቆመ ለምን ወዲያው አልተመለስንም? ይኸው ነገር ከፍታ ላይ ባለው በቦሌ ቢደርስ ምን ይሆናል? ነበልባሉን አይቼ ዝም ማለቴስ ስሕተት ነበር?

እኔ አብራሪ አይደለሁም፤ ሥራዬ አንድ አውሮፕላን ከአንድ መንደርደሪያ፣ በዚያ ሰዓት ሙቀትና ነፋስ፣ ምን ያህል ክብደት ይዞ ቢነሳ አንድ ሞተር ቢቆምበት እንኳ በደህና ሊወጣ እንደሚችል ማስላት ነው። ስለዚህ መልሴን የምጀምረው ከስሌቱ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄዎ አጭሩ መልስ፣ ያልተመለሱት መመለስ አቅቷቸው ሳይሆን ለመቸኮል የሚያስገድዳቸው ነገር ስላልነበረ ነው። ሞተሩ ሲቆም ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ከባዱ ውሳኔ እርስዎ ቀበቶዎን ከማሰርዎ በፊት ተወስኖ ያለቀ ነው።

እያንዳንዱ በረራ ከመነሳቱ በፊት አብራሪዎቹ ቪ ዋን የሚባል የውሳኔ ፍጥነት ያሰላሉ። አውሮፕላኑ ሲንደረደር እዚያ ፍጥነት ላይ ሳይደርስ ሞተር ቢቆም ፍሬን ይዞ መንደርደሪያው ሳያልቅ መቆም ይችላል፤ ከደረሰ በኋላ ቢቆም ደግሞ በቀረው አንድ ሞተር ተንደርድሮ መነሳትና በደረቅ መንደርደሪያ ጫፍ ላይ ቢያንስ 35 ጫማ፣ ማለትም አሥር ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ማለት ይችላል። ረዳት አብራሪው «ቪ ዋን» ሲል ዋና አብራሪው እጁን ከሞተሮቹ ማንሻ ላይ ያነሳል። ይህ እንቅስቃሴ ትንሽ ይምሰል እንጂ ትርጉሙ ትልቅ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ድምፅ ሁሉ፣ የፈነዳ ጎማም ይሁን የቆመ ሞተር፣ የሚፈታው በአየር ላይ ነው ማለት ነው። የተለያዩ ክብደቶችን፣ ሙቀቶችንና የመንደርደሪያ ርዝመቶችን እያመሳከርን ሰዓታት የምናጠፋው አብራሪው በዚያች ቅጽበት የሚያስበው ነገር እንዳይኖር ነው።

ከተነሳ በኋላ ደግሞ ሌላ ደንብ አለ። ባለሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን ጎማውን አጥፎ በአንድ ሞተር ሲወጣ ቢያንስ 2.4 በመቶ የሆነ የመውጣት አቅም ሊኖረው ይገባል፤ ባለሦስት ሞተሩ 2.7፣ ባለአራት ሞተሩ 3 በመቶ። 2.4 በመቶ ማለት ወደ ፊት አንድ ሺህ ሜትር ሲጓዝ 24 ሜትር ወደ ላይ መውጣት ነው፤ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በዚህ ስሌት በደቂቃ 110 ሜትር ገደማ ይወጣል። አዝጋሚ ነው፤ ነገር ግን ይወጣል። ብዙ ሰው «ሁለት ሞተር ያለው አንዱ ሲቆም ግማሽ አቅሙን ያጣል» ይላል፤ እውነቱ በሁለቱም በኩል ከዚህ የተለየ ነው። አውሮፕላን የሚወጣው አየሩን ሰንጥቆ ለመቆየት ከሚያስፈልገው ጉልበት በሚተርፈው ስለሆነ፣ ግማሹን ጉልበት ሲያጣ ከመውጣት አቅሙ የሚያጣው ከግማሽ በላይ ነው። በሌላ በኩል አንዱ ሞተር ብቻውን ይህን የመውጣት ደንብ እንዲያሟላ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ፣ ሁለቱም በሚሠሩበት በተለመደው ቀን አውሮፕላኑ ከሚፈልገው በላይ ጉልበት ይዞ ነው የሚነሳው። በመደበኛ በረራ ወንበርዎ ላይ ወደ ኋላ የሚለጥፍዎት ያ ትርፍ ነው።

ወደ እርስዎ በረራ ስመለስ፣ የሰሙት ድምፅ በሙያው ሰርጅ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። በሞተሩ ውስጥ አየሩን እየጨመቁ ወደ ኋላ የሚልኩት ምላጮች በአንድ ምክንያት፣ ለምሳሌ ወፍ ገብቶባቸው ወይም ተጎድተው፣ አየሩን መግፋት ሲያቅታቸው የተጨመቀው አየር ወደ ፊት ይመለሳል፤ በዚህ ጊዜ እንደ ተኩስ ያለ ድምፅ ይወጣል፤ ያልተቃጠለው ነዳጅም ከሞተሩ ኋላ ነዶ ነበልባል ይሆናል። ብልጭ ብሎ የሚጠፋ እንዲህ ያለ ነበልባል ሲያዩት የሚያስደነግጥ ቢሆንም ሞተሩ በእሳት ተያያዘ ማለት አይደለም። ወደ አንድ ጎን መሳቡ ደግሞ በቀኝ ክንፍ ያለው ሞተር ሲገፋ በግራው ያለው ስላቆመ የመጣ ነው፤ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደቆመው ሞተር ያዞራል፤ አብራሪው በተቃራኒው እግሩ ፔዳሉን ረግጦ በጭራው ላይ ባለው መሪ ያቀናዋል። እንደ ቦይንግ 777 ያሉት ይህን ርግጫ በአብዛኛው ራሳቸው ይሠሩታል፤ በ737 ላይ ግን የአብራሪው እግር ነው የሚሠራው።

ታዲያ በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ኮክፒት ውስጥ ምን ይደረጋል? መልሱ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው፤ ምንም ማለት ይቻላል። አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ፍጥነቱን መጠበቅ፣ መውጣቱ ከተረጋገጠ ጎማውን ማጠፍ፣ በቃ። በአብዛኞቹ አየር መንገዶች አሠራር ከመሬት 400 ጫማ፣ ማለትም 120 ሜትር ገደማ ሳይደርሱ አንድም የሞተር ማንሻ ወይም ማብሪያ አይነካም። ከዚያም በኋላ አንዱ አብራሪ እጁን ማንሻው ላይ አድርጎ የትኛው እንደሆነ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሌላው አይቶ ያረጋግጣል፤ ከዚህ በኋላ ነው የሚሳበው። ነዳጅ መዝጊያውም፣ የእሳት ማጥፊያው እጀታም ለየብቻ በዚሁ መንገድ ይረጋገጣሉ። አብራሪዎች ይህን በሲሙሌተር በየጊዜው የሚፈተኑበት ስለሆነ በአብዛኛው ከማንኛውም ችግር ይልቅ የሚለማመዱት እሱን ነው።

ይህ ሁሉ መዘግየት ለምን እንዳስፈለገ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2015 በታይፔ የደረሰው ነው። የትራንስኤዥያ በረራ 235፣ ባለፕሮፔለር ኤቲአር 72፣ ከሶንግሻን አውሮፕላን ማረፊያ እንደተነሳ የቀኙ ሞተር ላይ ያለው አውቶማቲክ ሥርዓት በተበላሸ ግንኙነት ምክንያት ፕሮፔለሩን ሥራ አስቆመ። ሞተሩ ራሱ አልተቃጠለም፣ አልፈነዳም፤ አውሮፕላኑም በግራው ሞተር ብቻ በደህና ሊወጣ የሚችል ነበር። ዋና አብራሪው ግን ባልደረባው እስኪያረጋግጥ ሳይጠብቅ የግራውን፣ ደህናውን ሞተር ማንሻ ወደ ኋላ ሳበ፤ ኋላም ያ ሞተር ጠፋ። ስሕተቱ ሲታወቅ ለማስነሳት የሚበቃ ከፍታ አልቀረም ነበር። አውሮፕላኑ በክንፉ የመንገድ ድልድይ መትቶ ኪሉንግ ወንዝ ውስጥ ወደቀ፤ ከ58 ሰዎች 43ቱ ሞቱ። በአማርኛችን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ ሥራ የፈሰሰውን ለመልቀም ከፍታ ያስፈልጋል፣ ከመነሻ በኋላ ደግሞ የሌለው እሱ ነው።

አሁን ስለ ሃምሳ ደቂቃው። አውሮፕላኑ ከተስተካከለ በኋላ አብራሪዎቹ የቆመውን ሞተር ቼክሊስት ይጨርሳሉ፤ የበረራ መቆጣጠሪያውን፣ ከዚያም አስተናጋጆቹን ያነጋግራሉ፤ በአንድ ሞተር ሲያርፉ ምን ያህል መንደርደሪያ እንደሚያስፈልጋቸው፣ ማረፉ ባይሳካና ዳግመኛ መነሳት ቢያስፈልግ በዚያ ክብደት መውጣት ይችሉ እንደሆነ ያሰላሉ። ይህ ብቻ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። የቀረው ጊዜ በአብዛኛው የክብደት ጉዳይ ነው። ረጅም መንገድ የሚሄድ አውሮፕላን ሲነሳ የሚመዝነው ለማረፍ ከተፈቀደለት እጅግ ይበልጣል፤ ለምሳሌ ቦይንግ 787-8 ሲነሳ እስከ 227.9 ቶን ሊመዝን ይችላል፣ ለማረፍ የሚፈቀድለት ግን 172.4 ቶን ነው። መሃል ላይ ያለው 55 ቶን በአብዛኛው ነዳጅ ነው። 777ና 787 ነዳጅ በአየር ላይ የሚያፈሱበት መሣሪያ አላቸው፤ 737ና ኤርባስ ኤ320 የላቸውም፤ ስለዚህ እነዚህ ወይ እየዞሩ ያቃጥሉታል ወይ ከነክብደታቸው ያርፋሉ። ከነክብደት ማረፍ ክልክል አይደለም። የማረፊያ እግሩ በተፈቀደው የማረፊያ ክብደት በሴኮንድ 3 ሜትር ወደ ታች እየወረደ መሬት ቢመታ፣ በሙሉ የመነሻ ክብደት ደግሞ በሴኮንድ 1.8 ሜትር ቢመታ እንዲችል ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ከዚያ በኋላ መካኒኮች ይመረምሩታል። እሳቱ አልጠፋ ብሎ ቢሆን ኖሮ አብራሪዎቹ ነዳጅም ክብደትም ሳይሉ በዚያው ቅጽበት ያርፉ ነበር። ሃምሳ ደቂቃ መዞራቸው ለእርስዎ የጭንቀት ጊዜ ቢሆንም ለእኔ የሚነግረኝ እሳት እንዳልነበረና ሁለተኛው ሞተር በደህና ይሠራ እንደነበረ ነው። አሥር ደቂቃ አለመናገራቸው ከሥራው ቅደም ተከተል የመጣ ነው፤ «በቴክኒክ ምክንያት» የምትለዋን ሐረግ ግን እኔም አልወዳትም። «አንድ ሞተር አጥፍተናል፣ አውሮፕላኑ በሌላው በደህና ይበራል፣ ለማረፍ ክብደት እየቀነስን ነው» ለማለት አሥር ሴኮንድ አይፈጅም፤ መንገደኛው ባልተነገረው ቦታ የባሰውን ራሱ ይሞላበታል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ነው፤ ምክንያቱም ቦሌ በዚህ ሙያ የስሌት ትምህርት ቤት ነው። ማረፊያው ከባሕር ጠለል 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ በ20 ዲግሪ ሙቀት አየሩ በባሕር ዳርቻ በመደበኛ ቀን ካለው በ26 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ከተነሱበት የባሕረ ሰላጤ ከተማ ጋር ያነጻጽሩት፤ እዚያ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ቢደርስም አየሩ የሚሳሳው በ10 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። የሳሳ አየር ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይወስዳል፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሳት በመሬት ላይ ሲለካ የበለጠ መፍጠን አለበት፤ የበለጠ የፈጠነ አውሮፕላን ደግሞ ለመቆም የበለጠ መንደርደሪያና የበለጠ ፍሬን ይፈልጋል። መንደርደሪያዎቹ 3,800ና 3,700 ሜትር ገደማ ሆነው የተሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዙሪያው ደግሞ ተራራ ነው፤ በሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው እንጦጦ፣ በምሥራቅ በኩል የረር።

ይህ ሁሉ ሲደመር ቦሌን አደገኛ ያደርገዋል ወይ ቢሉኝ፣ አያደርገውም፤ ውድ ነው የሚያደርገው። ከላይ ያልኩት 2.4 በመቶ በቦሌም ያው 2.4 ነው፤ ከፍታው ደንቡን አያላላውም። አየሩ የወሰደውን የሚከፍለው ክብደቱ ነው፤ ጭነት ወይም ነዳጅ ይቀንሳል እንጂ አውሮፕላኑ ከሚችለው በላይ ይዞ አይነሳም። አሜሪካ ያለ አንባቢ ይህን በራሱ ጉዞ አይቶታል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ እየሞላ ሲሄድ፣ ከዋሽንግተን የሚመለሰው ያለ ማረፍ ይገባ ነበር። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ የሚገጥመው የፊት ነፋስ ድርሻ ቢኖረውም፣ ዋናው ነገር ከዚያ ከፍታ ለአሥራ ምናምን ሰዓት የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ ለመነሳት ስሌቱ አለመፍቀዱ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ በረራዎች በአብዛኛው በምሽት የሚነሱት ከሌሎች በረራዎች ጋር ለማገናኘት ቢሆንም፣ ቀዝቃዛው የምሽት አየር ለእኛ ለስሌተኞቹ ጥቂት ቶን ይጨምርልናል። ተራራዎቹን በተመለከተም፣ አንድ ሞተር የቆመበት አውሮፕላን የት ላይ፣ በየትኛው ወገን እንደሚታጠፍ ለእያንዳንዱ መንደርደሪያ ተለይቶ የተሠራ መንገድ አለ፤ አብራሪዎቹም ከመነሳታቸው በፊት ጮክ ብለው ይነጋገሩበታል። ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልጨምር፦ በከፍታ ላይ ደህናው ሞተርም ጉልበቱ ስለሚቀንስ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚስበው ኃይል ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ነው፤ የቦሌ ፈተና መውጣቱ ነው እንጂ ማቅናቱ አይደለም።

ስሌቱ የማይሸፍነው ነገር ግን አለ፤ ይህን ሸፍኜ ባልፍ ለጥያቄዎ ታማኝ አልሆንም። የምናሰላው አንድ ሞተር ቢቆም ነው እንጂ ሁለቱ ቢቆሙ አይደለም። ሁለት ሞተሮች በተለያየ ምክንያት በአንድ ደቂቃ ውስጥ የመቆማቸው ዕድል እጅግ ትንሽ ነው፤ አንድ የጋራ ምክንያት ሲኖር ግን ያ ስሌት ይፈርሳል፣ የጋራ ምክንያት የሚሆነውም ብዙውን ጊዜ የወፍ መንጋ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737-200 ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሲነሳ የሆነው ይህ ነው። በረራ 604 ከመሬት ለመልቀቅ በተቃረበበት ቅጽበት፣ መቆም በማይችልበት ፍጥነት ላይ ሳለ፣ የእርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ገባ። ማረፊያው ራሱ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አንደኛው ሞተር ወዲያው ጉልበቱን አጣ፤ ሁለተኛውም ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲዞሩ ከዳቸው። አብራሪዎቹ ጎማ ሳያወጡ ሜዳ ላይ በሆዱ አሳረፉት፤ አውሮፕላኑ ግን በእሳት ተያያዘ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ አለፉ። ሁለቱም ሞተሮች ከሞላ ጎደል ባልሠሩበት፣ በዚያ ከፍታ፣ 69 ሰው በሕይወት መትረፉን እንደ ቀላል ነገር የሚያይ የእኔን ሥራ የማያውቅ ሰው ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2009፣ ኒውዮርክ ላይ አንድ ኤርባስ ኤ320 በዝይ መንጋ ሁለቱንም ሞተሮች አጥቶ ሃድሰን ወንዝ ላይ ሲያርፍ 155ቱም ሰዎች ተርፈዋል፤ እነሱ ግን ወፎቹ ሲመቷቸው 850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለነበሩ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ጊዜ አግኝተዋል፤ ከበታቻቸውም ወንዝ ነበረ። ስለዚህ ከወፍ የሚጠበቀው በስሌት ሳይሆን በመሬት ላይ ነው፤ ሣር በመቆጣጠር፣ ቆሻሻ ከማረፊያ በማራቅ፣ ወፎችን በማባረር። ማረፊያ አጠገብ የቆሻሻ ክምር ሳይ የምቆጣው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄዎ፣ ነበልባሉን አይተው ዝም ማለትዎ። ስሕተት ነበር አልልም፤ በእርስዎ በረራ አብራሪዎቹ የቆመውን ሞተር በትክክል ለይተውት ነበር። ነገር ግን ሌላ ጊዜ ይናገሩ፤ ለእናትዎም ይንገሯቸው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 1989 ከለንደን ወደ ቤልፋስት ይበር የነበረ ቦይንግ 737-400 ከተነሳ ከ13 ደቂቃ በኋላ የግራው ሞተር የፊት ማራገቢያ አንድ ምላጭ ተሰበረ። አውሮፕላኑ ተንቀጠቀጠ፣ ጭስ ገባ። አብራሪዎቹ ችግሩ የቀኙ ነው ብለው ደህናውን ሞተር አጠፉ፤ በዚያው ጊዜ የግራው ጉልበቱ ተቀንሶ ስለነበር መንቀጥቀጡ ጋብ አለ፣ እነሱም ትክክለኛውን እንዳጠፉ አመኑ። ኮክፒት ውስጥ ሆኖ ሞተሮቹን ማየት አይቻልም። ዋና አብራሪው የቀኙን ሞተር እንዳጠፉ በድምፅ ማጉያው ሲናገር፣ ከኋላ የተቀመጡ መንገደኞች በግራው በኩል እሳት አይተው ነበር፤ ግራ ተጋቡ፣ ነገር ግን አብራሪ ያውቃል ብለው ዝም አሉ። የተጎዳው ሞተር ለማረፍ ሲቃረቡ ጨርሶ ቆመ፤ አውሮፕላኑ ኬግወርዝ አጠገብ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር ተከሰከሰ፤ ከ126 ሰዎች 47ቱ ሞቱ።

በበረራ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ቅርብ ላለው አስተናጋጅ ይንገሩ፤ ሲነግሩም «በዚህ በኩል» አይበሉ። ወደ አውሮፕላኑ አፍንጫ ዞረው እንደተቀመጡ በግራ እጅዎ ወይም በቀኝ እጅዎ በኩል መሆኑን፣ ነበልባሉ ከሞተሩ የኋላ ጫፍ የሚወጣ ይሁን ከሽፋኑ ወይም ከክንፉ፣ ብልጭ ብሎ የጠፋ ይሁን አሁንም እየነደደ ያለ፣ እነዚህን ሦስቱን ብቻ ይናገሩ፤ ኮክፒት ውስጥ ያሉት ሰዎች ማየት የማይችሉት ይህንን ነው።